ለቅሶ ቤት 40 ደቂቃ ተሰብኮ ስለ ትንሣኤ አንድ ቃል አልሰማንም

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ባለፈው ወር አክስቴን ቀበርን። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሆጤ ላይ ዳስ ተጥሎ ሦስት ቀን ተቀመጥን። የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) እንደ ልማዱ ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ብርጭቆውንም አመጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ሌት ተቀን አልተለየንም። ወሎ በዚህ መቼም አይታማም።

የከፋኝ ሌላ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ሰባኪ ቃል ሊያካፍለን ተነሣ። ሰዓቴን አይቻለሁ፣ 40 ደቂቃ ወሰደ። ስለ አክስቴ ደግነት ተናገረ። እውነት ነው፣ ደግ ነበረች። ከዚያ ስለ መስጠት ተናገረ። ስለ በረከት ተናገረ። ዘንድሮ በራችን እንደሚከፈት፣ ጠላቶቻችን እንደሚያፍሩ ተናገረ። አሜን አልን። ጸለየና ተቀመጠ። ሬሳ ከሸኘን ገና አንድ ቀናችን ነው። ክርስቶስ ሞቶ መነሣቱን ግን አንዴ እንኳ አልጠቀሰም።

ከጎኔ የወንድሜ ልጅ ተቀምጣለች። 11 ዓመቷ ነው። አክስቴን "እምዬ" ነው የምትላት። ጋቢዬን ጎተት አደረገችና በጆሮዬ "እምዬ ግን ትነሣለች?" አለችኝ። እኔ ደግሞ "አሁን ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል" አልኳት።

ይኸው አንድ ወር ሙሉ ይህ መልሴ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቤተ ክርስቲያን መመላለስ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ልጅ የጠየቀችኝን የእምነቴን ዋና ነገር ግን መመለስ አቃተኝ። ሰው እንዳይሰማት ዝም አሰኘኋት።

ሰባኪውን ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት። እኔም አልተሻልኩም። በእናንተ ዘንድ እንዴት ነው? ፋሲካ ካልደረሰ ስለ ትንሣኤ የሚናገር አለ? ለልጅቷስ ምን ልበላት?

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እኔ ኮምቦልቻ ላይ የቤት ለቤት መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አስተባብራለሁ። ጽሑፍህን ካነበብኩ በኋላ የጥናት ርዕሶች የምመዘግብበትን ደብተር አወጣሁ። ስለ ትዳር አለ። ስለ ገንዘብ አያያዝ አለ። ስለ ይቅርታ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም አለ። ሁሉም ጥሩ ነው። ስለ ትንሣኤ ያጠናነው ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ያውም የፋሲካ ሳምንት። ደብተሩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ወንጌል የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው። የምስራች ማለት ነው። የምስራች ምክር አይደለም። አንድ ነገር ከተፈጸመ በኋላ ነው የምስራች የሚባለው። ይህ በደንብ የገባኝ በ2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ሲመጣ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር እንተኛ ነበር። የሚጠይቀን ሰው አልጠፋም። "አይዟችሁ፣ በርቱ፣ እህል ቅመሱ፣ አታስቡ" ይሉናል። ከልባቸው ነው። እናቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ ገባ። "መንገዱ ተከፍቷል! ወደ ቤት መግባት ይቻላል!" አለ። እናቴ ብድግ ብላ ተቀመጠች። ማንም ምንም ሳይላት ልብሷን ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመረች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ፌስታሉን ማሰር አቅቷት እኔ አሰርኩላት። ቤታችን ይቁም ይፍረስ አታውቅም። ነገር ግን የሆነ ነገር ሆኗል። ያ ወሬ አስነሣት።

ጳውሎስም 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ የሚናገረው የሆነ ነገር ነው። ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ይህን "ከሁሉ በፊት አሳልፌ ሰጠኋችሁ" ነው የሚለው። እኛ ከሁሉ በኋላ አደረግነው። ምክሩን ይዘን ወሬውን ጣልን። ከዚያ ሰዉ ለምን አይነሣም ብለን እንገረማለን።

የአራዳው ዲያቆን (ደሴ)

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጣችሁ።

በአንድ ነገር ግን ልለይህ። "ፋሲካ ካልደረሰ የሚናገር አለ?" ብለሃል። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ይነገራል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ" ይላል። አቤቱ ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን ማለት ነው። በጸሎተ ሃይማኖትም የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን እንላለን። ከፋሲካ ጀምሮ ደግሞ 50 ቀን ሙሉ ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲል "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብለን እንመልሳለን። "አሰሮ ለሰይጣን" ሲል "አግዐዞ ለአዳም" እንላለን። ክርስቶስ በታላቅ ኃይልና ሥልጣን ከሙታን ተነሣ፣ ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እሑድን የምናከብረውም ጌታ የተነሣበት ቀን ስለሆነ ነው። በየሳምንቱ ፋሲካ አለን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር። አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ከቅዳሴ ስንመለስ "እማ፣ ንዜኑ ሞተከ ምን ማለት ነው?" አልኳት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው ኖራለች። "የአባቶች ቃል ነው ልጄ፣ ጥሩ ነገር ነው" አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የእኛ የተማርነው ነው። ትንሣኤን አልጣልነውም። እንደ ብራና መጽሐፍ ማኅደሩ ውስጥ አስገብተን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ግሸን ማርያምን አስቡ። መስከረም 21 ያን አቀበት የምንወጣው በትውፊታችን ግማደ መስቀሉ እዚያ ስላለ ነው። መስቀል በሮማውያን ዘመን የወንጀለኛ መግደያ እንጨት ነበር። የተሰቀለው ባይነሣ ኖሮ ማን ይስመው ነበር? ማንስ አንገቱ ላይ ያስረው ነበር? ይህን ለወጣቱ እዚያው ግሸን ላይ ቆመን ብንነግረው ምን ነበረበት እላለሁ።

ፒያሳ (ደሴ)

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ደሴ ላይ ሥራ ያጣው ወጣት ፒያሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቤቱ ፈርሶ ያልጠገነ አለ። ጤፍና ዘይት የማይቀመስ ሆኗል። ለዚህ ሰው ከሞት በኋላ ስላለው ነገር ብትሰብክለት ምን ይጠቅመዋል? ሰባኪው ስለ መስጠት ቢናገር ምን ክፋት አለው? ክርስትና ፍቅር ነው። የተራበ ማብላት፣ የታረዘ ማልበስ ነው። ሌላው የሰባኪዎች ክርክር ነው።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

ፒያሳ ወንድሜ፣ የምትለው ይገባኛል። የተራበን ሰው በቃል ብቻ መሸኘት ኃጢአት ነው።

አንድ ነገር ግን እይልኝ። 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ስታነብ መጨረሻው ላይ አታቁም። የምዕራፍ ቁጥር ጳውሎስ አልጻፈም፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የገባ ነው። ስለ ትንሣኤ ያን ሁሉ ከጻፈ በኋላ "ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይሆን አውቃችሁ" ይላል። ቀጥሎ ወዲያው ምን ይመጣል? የገንዘብ መዋጮ! በኢየሩሳሌም ላሉ ቅዱሳን፣ ለተቸገሩት፣ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ቻለ እያስቀመጠ ያከማች ይላል። ያ ቀን እሑድ ነው። ዲያቆኑ የነገረን የትንሣኤው ቀን።

ሥጋ የሚነሣ ከሆነ የተራበ ሥጋ ዋጋ አለው። ሥጋ አፈር ሆኖ የሚቀር ነገር ቢሆን ነፍስን ብቻ ስበክ ይባል ነበር። መጽሐፉ ግን እንደዚያ አይልም። ከሙታን የተነሣው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ በባሕር ዳር ፍም አንድዶ ዓሣና እንጀራ ነው ያበላቸው። ዮሐንስ 21 ላይ አለ። "ኑ፥ ምሳ ብሉ" አላቸው። ሞትን ያሸነፈ ጌታ ምግብ አዘጋጀ።

ጎረቤት ከሸዋበር (ደሴ)

አሰላሙ ዐለይኩም። ለሐዘንተኛው ወንድማችን አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን አልቻልኩም። በዒሳ ስቅለት ላይ የእኛ እምነት ከእናንተ የተለየ ነው። እሱን እዚህ አልከራከርም። በቂያማ ቀን ግን እናምናለን። ሙታን ይነሣሉ፣ ሰው ስለ ሥራው ይጠየቃል። እኛ ዘንድ ሞት ሲሰማ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ነው። የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለንም።

በክርስቲያን ጎረቤቶቼ ዳስ 30 ዓመት ተቀምጫለሁ። አብረን ቆፍረናል፣ አብረን ተሸክመናል፣ ቡናውን አብረን ጠጥተናል። እናንተ ስለ ሞት ምን እንደምታምኑ ግን ከዳሱ ሰምቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ነው የሰማሁት። እኛን አክብራችሁ ከሆነ ዝም የምትሉት፣ በአላህ ይሁንባችሁ ተናገሩ። አንቀየምም። የልቡን የሚነግረኝ ጎረቤት ይሻለኛል።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። እርስዎ እንደዚህ ሲሉ እኔ "ሰው ይሰማሻል" ያልኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ለካ የሚሰማው ሰው ሊሰማ ፈልጎ ነው የተቀመጠው።

ፒያሳ (ደሴ)

ሐረጎ፣ 16ኛውን ምዕራፍ ከ15ኛው ጋር አገናኝቼ አንብቤው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ግን ልክ ያልሆነ ነገር ነው የጻፍኩት። እውነተኛው ምክንያቴ እሱ አይደለም። በ2014 ታናሽ ወንድሜን አጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ትንሣኤ ሲባል ያመኛል። የፋሲካ ለት ዶሮው ይሠራል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ እኔ ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ። ፍቅርና ሥራ ይሻላል የምለው እሱ ስለማያመኝ ነው።

ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በእርግጥ ተነሥቷል? ወይስ ሐዘንተኛ እንዳይሰበር የምንለው ነገር ነው? ማጽናኛ ከሆነ አልፈልገውም።

የታሪክ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ የወንድምህን ነፍስ ይማር። ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጳውሎስ ራሱ "ክርስቶስም ካልተነሣ እንግዲያስ ስብከታችን ከንቱ ነው" ብሏል። ለማጽናኛ ያህል ተቀበሉት አላለም። ካልተነሣ ጣሉት ነው ያለው።

ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው አለ። አንድ ወሬ ሲነገራችሁ መቼ ተነገረ፣ ማን ተናገረው፣ ተናጋሪውስ ምን አተረፈበት ብላችሁ ጠይቁ። እዚህም እንጠይቅ።

መቼ? አንደኛ ቆሮንቶስ የተጻፈው በ55 ዓ.ም. አካባቢ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከስቅለቱ 25 ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። ይህ ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት እስከ ዛሬ ያለው ዕድሜ ነው። ያን ጦርነት የሚያስታውስ ሰው ደሴ ላይ ሞልቷል። ተነሥተህ ያልሆነ ነገር ብታወራ አፍህን ያስይዙሃል። ጳውሎስ ደግሞ ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች በአንድ ጊዜ ታየ ካለ በኋላ "ከእነዚህም የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ" ይላል። ሄዳችሁ ጠይቋቸው እንደማለት ነው። ያውም "የተቀበልሁትን" ነው የሚለው። እሱ ከመጻፉ በፊት ሲነገር የኖረ ነገር ነው።

ማን? በአራቱም ወንጌሎች ባዶውን መቃብር መጀመሪያ ያገኙት ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን በአይሁድ ዘንድ የሴት ምስክርነት ብዙም አይቆጠርም ነበር። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ ራሱ የሴት ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ጽፏል። ሐዋርያቱም ቢሆኑ የሴቶቹ ቃል "ቅዠት" ነው የመሰላቸው፣ ሉቃስ 24 ላይ አለ። ፈጥሬ ልጻፍ የሚል ሰው እንዲህ ያለ ምስክር አያቆምም። ጴጥሮስን ወይም ኒቆዲሞስን ያስቀድም ነበር። እንዲህ የተጻፈው እንዲህ ስለሆነ ይመስለኛል።

ምን አተረፉ? ጳውሎስ ያተረፈው ዱላና እስር ነው። አሳዳጅ ሆኖ ቢቀጥል ክብር ነበረው። የጌታ ወንድም ያዕቆብንም እይ። ዮሐንስ 7 ወንድሞቹ እንኳ እንዳላመኑበት ይናገራል። በኋላ ያው ያዕቆብ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኖ እናገኘዋለን። በድንጋይ ተወግሮ እንደ ሞተ ዮሴፈስም ጽፏል። በመካከል ምን ሆነ? ጳውሎስ በአንድ መስመር ይነግረናል። "ለያዕቆብ ታየ።" አብሮህ ያደገ ወንድምህን ጌታ ብለህ ለመሞት ምን ያስፈልግሃል?

ደግሞ ትንሣኤን የሚያምኑ አይሁድ የሚጠብቁት በመጨረሻው ቀን ነበር። ማርታ አልዓዛር ሲሞት ያለችው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ብቻውን፣ በዘመን መካከል ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ስለዚህ ተስፋ አድርገው አለሙት ማለት ይከብዳል። ያላሰቡት ነው የመጣባቸው።

ይህ ሁሉ እንደ ሒሳብ አያስገድድህም። እኔንም አላስገደደኝም፣ ግን በሩን ከፈተልኝ። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ካለ በኋላ ስምንት ቀን ከወንድሞቹ ጋር ቆይቷል። አላባረሩትም። እሱም አልሄደም። በስምንተኛው ቀን ጌታ መጣ። ዳግማይ ትንሣኤ ብለን የምናከብረው ያንን ቀን ነው። አንተም እስከዚያ አብረኸን ቆይ ልጄ። ፋሲካ ለት ከቤት አትውጣ።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሳነብ ስላለቀስኩ ነው የምጽፈው።

እናቴ ታማ ነበር። አንድ ሰው ነቢይ ነው ተብሎ ወሰዱኝ። የት እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም። "ዘር ዝሪ፣ እናትሽ አትሞትም" አለኝ። ወርቅ ጉትቻዬን ሸጥኩ። ገንዘቡን ሰጠሁ። ዘይት ሰጡኝ፣ ቀባኋት። እናቴ በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። ተመልሼ ስሄድ "እምነትሽ ስላነሰ ነው" ተባልኩ።

እናቴን እኔ የገደልኳት እየመሰለኝ ሁለት ዓመት ኖርኩ። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ክርስቶስ ተነሥቷል፣ እናትሽም በእሱ ትነሣለች ያለኝ የለም። ሁሉም የነገረኝ እንዳትሞት ነው። ስትሞት የሚነግሩኝ ነገር አለቀባቸው።

ሌሊት ተረኛ (ደሴ)

የቦርከና ዳር፣ እህቴ፣ እናትሽን አንቺ አልገደልሻትም። ይህን መጀመሪያ ያዥልኝ። እኔ ነርስ ነኝ። በሌሊት ተረኝነቴ ብዙ ሰው ሲያልፍ አይቻለሁ። እምነታቸው የጸና ሰዎች ሞተዋል። ምንም የማያምኑ ድነው ሄደዋል።

ፈውስ የለም አልልም፣ እግዚአብሔር ይፈውሳል። ግን አልዓዛርን አስቢው። አራት ቀን ሞቶ ተነሣ። ከዚያስ? ኋላ ደግሞ ሞተ። የኢያኢሮስም ልጅ፣ የናይንም መበለት ልጅ ሞተዋል። ጌታ የፈወሳቸው ሁሉ አንድ ቀን ተቀብረዋል። ክርስቶስ ብቻ ነው ተነሥቶ ዳግመኛ ያልሞተው። ሮሜ 6 "ሞትም ወደ ፊት እንዳይገዛው" ይላል። እንግዲህ ፈውስን ዋና ካደረግነው ዋናው ነገራችን ራሱ የሚሞት ነገር ነው። አንቺን የጎዳሽ ይህ ነው።

አንድ ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከገጠር የመጡ አባት ነበሩ። ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ልጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግራቸውን ይዟል። "ትድናለህ አባባ፣ ትድናለህ" ይላቸዋል። ደጋግሞ። ሽማግሌው ጭምብሉን በእጃቸው ገለጥ አደረጉና "አትዋሸኝ ልጄ። እንደምነሣ ንገረኝ" አሉት።

ልጁ አፉን ከፈተና ምንም አልወጣውም። ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፣ እሳቸው አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" አልኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" አሉ። በጣም በቀጭን ድምፅ። "አሰሮ ለሰይጣን" አልኳቸው። "አግዐዞ ለአዳም" አሉኝ። ልጁም በመጨረሻው አብሮን አለ። እስከ መጨረሻው፣ እስከ "ፍሥሐ ወሰላም" (ደስታና ሰላም) ሄድን። ፋሲካ አልነበረም፣ ክረምት ነበር። ነሐሴ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

ዲያቆን፣ ማኅደር ውስጥ አስገብተን ሰቀልነው ብለዋል። እኔ ግን ያን ለሊት ቃሉ ውስጣቸው ቆይቶ አየሁ። ልጃቸው ግን ትርጉሙን ኮሪደር ላይ ጠየቀኝ። ስለዚህ ቃሉ አለን ማለትዎም፣ ትርጉሙ አልገባም ማለትዎም ልክ ነው። ለአባትየው ግእዙ በቃቸው። ለልጅየው መተርጎም አለበት። እኛም ወንጌላውያን ይህን የመሰለ በቃል የሚያዝ ነገር ለልጆቻችን አላስተማርንም። በሞት አልጋ ላይ ምን ይላሉ? በራችን ይከፈታል ይላሉ?

የአራዳው ዲያቆን (ደሴ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ጽሑፍሽን ለእናቴ አነበብኩላት። "ታዲያ ፍታልኝ" አለችኝ። ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ላነብላት ጀምረናል። ትናንት "ንዜኑ ሞተከ" ላይ ደረስን። አስቆመችኝና "ይህን ነበር እንዴ የምለው?" አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ዝም አለች።

ፒያሳ (ደሴ)

መምህር፣ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። አምኛለሁ ብዬ አልዋሽም። የያዕቆብ ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔም ወንድም ነበረኝ። ወንድምህን አምላክ ነው አትልም፣ ካልሲው እንዴት እንደሚሸት የምታውቀውን ሰው። አንድ ነገር ካላየህ በቀር።

የታናሽ ወንድሜን ፎቶ ከሣጥን አውጥቼ ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ለጊዜው ይህን አድርጌያለሁ።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ቅዳሜ የወንድሜን ልጅ ይዤ አክስቴ መቃብር ሄድን። መንገድ ላይ አንድ ገበሬ እሸት በቆሎ ይሸጣል። ገዛሁላትና እየፈለፈለች ስትበላ ጳውሎስ ክርስቶስን "ላንቀላፉት በኩራት" ያለውን ነገርኳት። በኩራት መጀመሪያ የሚደርሰው እሸት ነው አልኳት። ገበሬ የመጀመሪያዋን ዛላ ሲያይ የቀረው ማሳ እንደሚደርስ ያውቃል። ክርስቶስ ተነሥቷል፣ እምዬ ከዚያው ማሳ ናት አልኳት።

"ያን ቀን ለምን ዝም በይ አልከኝ?" አለችኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጠን ዮሐንስ 20ን አነበብኩላት። መግደላዊት ማርያም ቆማ ታለቅሳለች። ጌታን አትክልተኛው መስሏት አላወቀችውም። እሱ "ማርያም" አላት። ያን ጊዜ አወቀችው። ዮሐንስ 5 ላይ ደግሞ በመቃብር ያሉት ሁሉ ድምፁን ይሰማሉ እንደሚል ነገርኳት።

በቆሎዋን ይዛ አሰበች። ቀና ብላ አየችኝና "እምዬን በመታወቂያ ስሟ ነው የሚጠራት ወይስ እምዬ ብሎ?" አለችኝ።

የሚለይበትን እሱ ያውቃል፣ የምትሰማውን ስም ይጠራታል አልኳት። "እንግዲያው እምዬ ነው የሚላት" አለች፣ "በስሟማ ከጠሩዋት አትሰማም።"